ሙቀጫው ድንገት ሲቆም፦ ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ድምፅ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም በድምፅና በማጀቢያ ሙዚቃ ላይ ያተኮሩ ጥያቄዎችን መርጠናል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሳይ ገና ምንም ሳይፈጠር እጄ ያልበኛል። ያንኑ ትዕይንት ድምፁን ዘግቼ ሳየው ግን ባዶ ይሆንብኛል። ሙዚቃው ምን እየሠራ ነው? (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ ምስሉ የደበቀውን እየነገርዎት ነው። የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው አዘጋጅ ለፍራንሷ ትሩፎ የሰጠው ምሳሌ ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ መቀመጡን አይቶ፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡን ሰቅሎ ያቆየዋል። የድምፅ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው፦ ቦምቡን ሳያሳዩ መኖሩን ማስታወቅ።

በ1975 የወጣውን የስቲቨን ስፒልበርግን «ጆውስ» እንውሰድ። ለቀረጻው የተሠራው መካኒካል ሻርክ ባሕር ውስጥ በየጊዜው እየተበላሸ ስላስቸገረ አሳው እንደታሰበው ሊታይ አልቻለም። የጎደለውን ቦታ የጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ሞላው። የሚጀምረው በሁለት ጎረቤት ኖታዎች ነው፤ በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ አለ፣ ሚ እና ፋ። በቼሎና በኮንትራባስ ከታች ይነሣል። ሁለት ኖታ፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና ሁለት ኖታ፣ ዝምታ። ቀጥሎ ዝምታው ያጥራል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ ሌሎች መሣሪያዎች ይደረባሉ። ጆሮ እየጎላና እየፈጠነ የሚመጣን ድምፅ «እየቀረበ ነው» ብሎ ስለሚወስደው ባሕሩ ላይ ምንም ሳይታይ አሳው ሲጠጋ ይሰማዎታል።

ከዚህ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ሙዚቃው የማይገባበት ቦታ ነው። ሁለት ልጆች የካርቶን ክንፍ ይዘው ዋናተኛውን ሁሉ ሲያሸብሩ ሙዚቃው የለም። ስለዚህ ተመልካቹ ሳይታወቀው አንድ ሕግ ይማራል፦ ሙዚቃው ካለ ሻርክ አለ፤ ከሌለ የለም። ቆይቶ የፖሊስ አዛዡ ጀልባ ላይ ሆኖ ማባበያ ወደ ባሕሩ ሲጥል ሻርኩ ያለ ምንም ሙዚቃ ብቅ ይላል። ተመልካቹ ተማምኖበት የነበረው ሕግ እዚያው ይፈርሳል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሁለተኛውን ብልሃት ይወዱትና የመጀመሪያውን ይዘሉታል። ሕጉን መጀመሪያ ቢያንስ ሁለቴ ሦስቴ አክብረው ካላሳዩ ግን ሲያፈርሱት ማንም አያስተውለውም።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። በመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ላይ የሚሰማው የቫዮሊን ጩኸት እንዴት ነው የተሠራው? በማሲንቆ የሚቀርበውን ማግኘት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሚጠይቁት ስለ 1960ው የሂችኮክ «ሳይኮ» ነው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ናሱንም፣ ከበሮውንም፣ እንጨት ነፋሾቹንም ትቶ በባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ሠራው። ሂችኮክ ያ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ለወጠ።

ቫዮሊኖቹ እጅግ ከፍ ባለ ኖታ ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ከሥር እየገቡ እርስ በርስ የሚጋጩ ኖታዎችን ይደራርባሉ። እያንዳንዱ የደጋን ምት አጭርና ጠንካራ ነው፤ ኖታውም ወደ ላይ ይንሸራተታል። ሌላም የማይታይ ዝግጅት አለ። በቀረው ፊልም ሁሉ አውታሮቹ ላይ ማፈኛ ተደርጎ ድምፃቸው ደብዘዝ ብሎ ነው የሚሰማው። ማፈኛው የሚነሣው እዚያ ትዕይንት ላይ ነው። ጩኸቱ ስለት ያገኘው ከኖታው ብቻ ሳይሆን ጆሮዎ ለረጅም ጊዜ በታፈነ ድምፅ ከመቆየቱም ነው።

ለምን ሰውነት እንደሚሸማቀቅም እንንገርዎ። ሰው ወይም እንስሳ በፍርሃት ሲጮኽ ጉሮሮ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ድምፁ ይሻክራል። የሰው ጩኸት ላይ በተደረገ ጥናት ድምፁ በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ሲርገበገብ ተለክቷል። በንግግር ውስጥ ይህ ሻካራነት የለም ማለት ይቻላል። የተጨቆነ ደጋን የሚያወጣውም እንዲሁ የሻከረ ድምፅ ነው።

ማሲንቆ ለዚህ ተስማሚ ነው። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ ወደያዘው እንጨት በጣም ይጠጉ፤ ደጋኑን ጫን አድርገው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚሆን ምት ይሳቡ። ማይኩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አራት ጊዜ ለየብቻ ይቅረጹ፦ ሁለቱን በአንድ ኖታ፣ ሦስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አራተኛውን ከዚያም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው። አንድ ቅጂን በኮምፒውተር አባዝቶ መደረብ አይሠራም። ምቶቹ ፍጹም ስለሚገጥሙ አንድ መሣሪያ ጎልቶ የወጣ ይመስላል እንጂ የብዙ ሰው ጩኸት አይሆንም። ደግሞም ጭራው ላይ ሙጫው በደንብ ካልተቀባ ደጋኑ ይንሸራተታል፤ የሚፈልጉት ሻካራነት አይመጣም።

ጥያቄ፦ ልጃችን ለትምህርት ቤት አጭር ልብ አንጠልጣይ ፊልም እየሠራ ነው። የእኛን ሙዚቃ መጠቀም ይፈልጋል። የትኛው ቅኝት ያስፈራል? በገናስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቅኝት ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ጆሮ ከለመደው ጋር ሲጋጭ ነው። አንቺሆዬን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ዝቅ፣ ፋ፣ ሶል ዝቅ፣ ላ ነው («ዝቅ» ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው)። ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ አለው፤ ከዶ እስከ ሶል ዝቅ ያለው ርቀትም የአሜሪካ ፊልሞች ለስጋት አብዝተው የሚጠቀሙበት ነው። ስለዚህ የልጅዎ የክፍል ጓደኞች አንድ መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው ብለው ይጠብቃሉ። እርስዎና ጎረቤትዎ ግን በዚያው ቅኝት የሠርግ ዘፈን ሰምታችሁ አድጋችኋል፤ ትከሻችሁ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ለሁለቱም ወገን እንዲሠራ ዜማውንና የጭፈራ ምቱን ይተወው። ከቅኝቱ ዶንና ሬ ዝቅን ብቻ ወስዶ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ቆይቶ ይጨምርበት። አምባሰልም እንዲሁ ግማሽ ድምፆች ስላሉት በዚሁ መንገድ ይሠራል። የትዝታ ሜጀር ግማሽ ድምፅ የለውም፤ ለስጋት የሚፈለገውን መፋተግ ከእሱ ማውጣት ይከብዳል።

በገናን በተመለከተ እንዲጠነቀቅ እንመክራለን። በአውታሮቹና በመቀመጫቸው መካከል ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚመጣው ንዝረት ደረት ውስጥ የሚገባ ነው፤ ፈታኝነቱም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን በገና በዐቢይ ጾም የምንሰማው የጸሎት መሣሪያ ነው። ነፍሰ ገዳዩ ሲመጣ በገና ቢደረደር ኢትዮጵያዊው ተመልካች የሚሰማው ንስሐ ነው፤ ብዙዎችም ይከፋቸዋል። የንስሐ ወይም የሐዘን ትዕይንት ከሆነ ግን ከእሱ የሚበልጥ አናውቅም። ለስጋት የሚሆን ዝቅተኛ ጉርምርምታ ከፈለገ እርጥብ ጣቱን ከበሮ ቆዳ ላይ ጫን አድርጎ ይጎትት። ቆዳው ያቃስታል፤ ከምን እንደመጣም ማንም አይለየውም።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በስልክ የ8 ደቂቃ ፊልም ሠራን። አንዲት ሴት ሌሊት ብቻዋን ቡና እየወቀጠች ሰው ግቢዋ ይገባል። ከኢንተርኔት ያወረድነውን አስፈሪ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስገባንበት። ማንም አልፈራም። ምን አጠፋን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ሰከንድ «ፍሩ» እያለ ስለጮኸ ጆሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለመደው። ሙሉ በሙሉ አውጡት። ሙዚቃውን በሕጋዊ መንገድ ካላገኛችሁት ዩቲዩብ ላይ ፊልሙን ሊያዘጋባችሁ ስለሚችል በሌላም ምክንያት መውጣት አለበት። የሚያስፈልጋችሁ መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ፤ ሙቀጫው ራሱ።

በመጀመሪያ እነዚህን ለየብቻ ቅረጹ። የክፍሉን ዝምታ አንድ ደቂቃ፣ የግቢውን ዝምታ አንድ ደቂቃ፤ ፍሪጅ ይነቀል፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ውቀጣውን ሁለት ደቂቃ፣ በሰከንድ አንድ ምት ገደማ፤ አንድ ጊዜ ከግማሽ ሜትር፣ አንድ ጊዜ ከ3 ሜትር። የቆርቆሮ በሩ ማጠፊያ ሲያቃስት አምስት ስድስት ጊዜ። ጫማ ጠጠር ላይ ሲረግጥ፣ ማይኩን መሬት አጠገብ አድርጋችሁ። የሐዋሳ ሌሊት እንቁራሪት አለው፤ ከቅርብም ከሩቅም ቅረጹት፣ ይጠቅማችኋል። ሁሉንም በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና) ያዙ። ከፍተኛው ምት በመቅረጫው የድምፅ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል፣ ኋላም አይጠገንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ስልክ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ዘነዘናው ሲያርፍ ይቀንሰዋል፤ በምቶቹ መካከል ደግሞ ዝምታውን እየጎተተ ያጎላዋል፣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ እያበጠና እየሟሸሸ ይመጣል። ይህን ራስ ሰር ቅንብር ማጥፋት የሚያስችል የመቅረጫ አፕ ተጠቀሙ። አለበለዚያ ለዚህ ፊልም ከሁሉ የሚበልጠው ንብረታችሁ፣ በምትና በምት መካከል ያለው ክፍተት፣ ይበላሽባችኋል።

አሁን ወደ አደራደሩ። የመጀመሪያዎቹን 90 ሰከንዶች ውቀጣውን ሳታቋርጡ አስኪዱት። ተመልካቹ ይልመደው፣ እንዲያውም ይርሳው። ከሥሩ የቅርቡም የሩቁም እንቁራሪት አለ። ቀጥሎ በበሩ በኩል ያሉት እንቁራሪቶች ቀጥ ይበሉ፤ የሩቆቹ ይቀጥሉ። ሰው ሲጠጋቸው ዝም እንደሚሉ ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ያላደገውም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ከዚያ የበሩ ማቃሰት፦ በሩን ገና ሳታሳዩ፣ ካሜራው ሴትዮዋ ፊት ላይ እያለ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ቀደም ብሎ ይሰማ። ድምፅ ከምስል ሲቀድም ተመልካቹ በዓይኑ መፈለግ ይጀምራል።

የሰውየውን እርምጃ ደግሞ ከምቶቹ ሥር ደብቁት። ዘነዘናው ሲያርፍ ጫማውም ያርፍ፤ ምቱ ጉልህ ስለሆነ እርምጃውን ይሸፍነዋል፤ ተመልካቹ ይስማ አይስማ እርግጠኛ አይሆንም። እንደዚህ አምስት ስድስት እርምጃ ይግባ። ከዚያ ሴትዮዋ ዘነዘናውን ታነሣለች፣ አታወርደውም። በባዶው ቦታ ላይ አንድ እርምጃ ብቻውን ጠጠር ላይ ይወድቃል።

ይህን ቦታ አታጣድፉት። ከ6 እስከ 8 ሰከንድ የክፍሉ ዝምታ ይቆይ። ትራኩን ባዶ አድርጋችሁ እንዳትተዉት አደራ፤ ፍጹም ባዶ ከሆነ ተመልካቹ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ድምፅ መጨመሪያውን ይነካል፣ ፊልማችሁም አመለጠው ማለት ነው። መጀመሪያ የቀረጻችሁት የአንድ ደቂቃ ዝምታ ለዚህ ነው። ቀጥሎ ውቀጣዋን እንደገና ትጀምር፣ ግን ዝግ ብላ፤ አሁን የምትወቅጠው ቡናው እንዲደቅ አይደለም፣ ያልሰማች ለመምሰል ነው። ተመልካቹ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ሁለት ምት መካከል ጆሮውን ይቀስራል።

ሙዚቃ የግድ ካላችሁ ከዚህ በኋላ አንድ ዝቅተኛ ድምፅ ይበቃል። ዝቅተኛ ሲባል ግን ተጠንቀቁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ርግብግቢት) በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ ኮምፒውተር ላይ በጆሮ ማዳመጫ ያንቀጠቀጣችሁ 40 ኸርዝ ስልክ ላይ የለም። ከላዩ ከ250 እስከ 400 ኸርዝ የሚሆን ሻካራ ድምፅ ደርቡበት። ሲያልቅ በጆሮ ማዳመጫ፣ በስልክና በቴሌቪዥን ስሙት። ሁሉን ነገር ማጉላትም ዋጋ የለውም፤ ዩቲዩብ ከ−14 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው) በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ ጸጥታችሁም አብሮ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የልብ ምት ድምፅ ማስገባት ጥሩ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አልፎ አልፎ። የተመልካቹ ልብ እየመታ ከሆነ ሥራዎ ተሳክቷል፤ ካልመታ የሰው ልብ ማሰማት አያስመታውም። የሚጠቅመው ገጸ ባሕርዩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ነው፤ ያኔ የውጪውን ድምፅ አፍነው በደቂቃ ከ70 ጀምረው በዝግታ እስከ 110 ያድርሱት። ከዚያ በላይ ሲፈጥን ከበሮ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ደንከርክ» ላይ ሙዚቃው ሽቅብ እየወጣ መጨረሻ የለውም። እንዴት ይሆናል? (ከጅዳ)

መልስ፦ ጆሮን የሚያታልል ብልሃት ነው፤ ሮጀር ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1964 ያሳየው ሲሆን ሃንስ ዚመር ለ2017ቱ ፊልም ተጠቅሞበታል። ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። አንድ የሚዘልቅ ድምፅ ሦስት ቦታ ያስቀምጡ፤ በመካከላቸው አንድ አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ይኑር። ሦስቱም በ20 ሰከንድ ውስጥ እኩል አንድ ኦክታቭ ይውጡ። የላይኛው እየወጣ ይጥፋ፣ የመካከለኛው መጠኑን ይያዝ፣ የታችኛው ከምንም ተነሥቶ ወደ ሙሉ ድምፅ ይድረስ። ሲያልቅ የታችኛው መካከለኛው የጀመረበት ላይ፣ መካከለኛው የላይኛው የጀመረበት ላይ ስለሚገኝ ከመጀመሪያው ሲደግሙት መጋጠሚያው አይሰማም። «ጠቅ» የሚል ከሰሙ መጋጠሚያውን ለ20 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያደራርቡት። ከሁለት ደቂቃ በላይ ግን ያደክማል፤ በምስሉ ላይ የሚጨምር አደጋ ከሌለም ተመልካቹ ይሰለቻል።

ጥያቄ፦ ያለ ሙዚቃ የሚያስፈራ ፊልም ይኖራል? (ከድሬዳዋ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከቴል አቪቭም ደርሶናል)

መልስ፦ አለ፤ በእኛ ግምት ከባዱም ሙያ እዚያ ነው። የ1963ቱ የሂችኮክ «ወፎቹ» የተለመደ ማጀቢያ የለውም፤ የወፎቹ ጩኸት ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተዘጋጅቶ የሙዚቃውን ቦታ ይዟል።

በቅርብ እንዲያዩት የምንፈልገው ግን የ2007ቱ «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» የነዳጅ ማደያ ትዕይንት ነው። ገዳዩ ከሽማግሌው ባለ ሱቅ ጋር ያወራል፤ የሽማግሌው ሕይወት በአንድ ሳንቲም ውርወራ ላይ ነው፣ ሽማግሌው ይህን አያውቅም። ገዳዩ የበላበትን ላስቲክ ጨምድዶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። ካሜራው እዚያው ይቆያል፤ ላስቲኩ እየተንጫጫ ራሱን ይዘረጋል። ከሥሩ በጣም ስስ የሆነ የሚዘልቅ ድምፅ አለ፤ አቀናባሪው ካርተር በርዌል ከፍሪጅ ጉርምርምታ ጋር በ60 ኸርዝ አገጣጥሞታል። ተመልካቹ ሙዚቃ መኖሩን አያውቅም፤ ክፍሉ ራሱ የጠበበ ይመስለዋል።

ይህን አገር ቤት ሲሞክሩት 60ን እንዳለ አይቅዱ። 60 ኸርዝ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ነው፤ የኢትዮጵያው 50 ነው፣ ፍሪጃችንም በ50ና በ100 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚያጉረመርመው። ያም ከሶል ኖታ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ሙዚቃዎን ወደዚያ ካላቀኑት ከፍሪጁ ጋር ይጋጭና «ውዋ ውዋ» የሚል መወዛወዝ ይፈጥራል፤ ብልሃቱም ይጋለጣል።

ጥያቄ፦ ድንገት በኃይለኛ ድምፅ ማስደንገጥ ማጭበርበር አይደለም? (ከጎንደር)

መልስ፦ ምክንያት ከሌለው ነው። በ1942 «ካት ፒፕል» ላይ አንዲት ሴት በሌሊት ስትሄድ ሌላዋ ትከተላታለች፤ የሁለቱም ጫማ ይሰማል፤ ከዚያ የአንዷ ብቻ። ዝምታ። የአውሬ የሚመስል የሚያፏጭ ድምፅ ከጎን ይገባል፤ አውቶቡስ ነው፣ ቆሞላት። አውቶቡሱ በእርግጥ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ተታለልኩ አይልም። ከማስደንገጡ በፊት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ድምፁን ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ የ10 ወይም የ15 ዴሲቤል ልዩነት ይበቃል። ከዚህ በላይ ከጮኸ ተመልካቹ ጆሮውን ይይዛል፣ ለቀጣዩ ትዕይንትም ድምፁን ቀንሶ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ የድምፅ ባለሙያ መቼ ልጥራ? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

መልስ፦ ከቀረጻ በፊት፣ ስክሪፕቱ ላይ። በ1972ቱ «ዘ ጎድፋዘር» ማይክል ምግብ ቤት ውስጥ ሊተኩስ ሲል የባቡር ጩኸት እየጎላ ይመጣል፤ ሙዚቃ የለም። ባቡሩ አይታይም፤ ጩኸቱ የሚሄደው ማይክል ጭንቅላት ውስጥ ካለው ጋር ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዲሠራ ተዋናዩ ዝም የሚልበት፣ ካሜራውም ፊቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ያስፈልጋል። ያ ጊዜ ካልተቀረጸ በኤዲቲንግ አይገኝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትዕይንት ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን ይሰማል፣ ማን ይሰማዋል፣ መቼ ይቆማል። ሦስተኛው ባዶ ሆኖ ከቀረብዎት ያንን ትዕይንት ይዘው ነው ወደ ባለሙያው የሚሄዱት።